ሆቴል ነን ይሉ የነበሩት የወይዘሮ አስካለ ደንበኞች

ያን ቅዳሜ አትላስ አካባቢ፣ በወይዘሮ አስካለ ምግብ ቤት የነበርነውን በየስማችን ልጥራ። ወይዘሮ አስካለ፣ ቤቱን አሥራ አንድ ዓመት የያዙት፣ ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ኩሽናው በር ላይ። ጋሽ ታደለ፣ ጡረታ የወጡ ቀያሽና ሥራ ያስተማሩኝ ሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው። ሳምራዊት፣ የመሥሪያ ቤታችን አለቃ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ። ብሩክ፣ አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል። ዘግይተው የደረሱት አከራዩ አቶ ክፍሌ፣ ከሲኤምሲ፤ ከእሳቸውም ጋር ልጃቸው ሜሮን። እኔ ናትናኤል፣ ላፕቶፕ ታቅፌ። ከእኛ ሌላ የነበሩትን፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ በስም አላውቃቸውም።

ይህን የምጽፈው የኮድ ሥራ ትቼ ቅየሳ ስለጀመርኩ ነው። ሁለት ወር ሆኖኛል። ጠዋት ጠዋት አያት አካባቢ የመለኪያ መሣሪያ ተሸክሜ እቆማለሁ፤ ፀሐይ ፊቴን ስላጠቆረው እናቴ "አሁን ገና ሰው መሰልክ" ትለኛለች። የቀድሞውን ሥራ የተውኩት ጠልቼው አይደለም። ሥራዬ የተመሠረተበት አገልግሎት በሩን ለውጭ ሰው ዘጋ፤ እኔም ከመቀመጡ ይልቅ በእግር መሄዱን ወደድኩት። ዓመታቱ ግን ደስ የሚሉ ነበሩ፤ ሳይደበዝዙብኝ ልጻፋቸው።

ኮድ ያስተማረኝ ሰው የለም። ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በእህቴ አሮጌ ላፕቶፕ ሌሎች የጻፉትን ኮድ እየከፈትኩ መስመር በመስመር አነብ ነበር። ያልገባኝን መስመር በደብተር እገለብጠዋለሁ፤ ሲገባኝ ከጎኑ ቀኑን እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ገርጂ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ሲቪ መተየብ ነበር። የቤቱ ጌታ "እጅህ ፈጣን ነው፤ ፊትህ ግን ደንበኛ ያባርራል" ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ መገናኛ፣ ለመኪና አስመጪዎች ድረ ገጽ የሚሠራ ቢሮ ገባሁ። የዚያ አለቃ ሥራው ሲጀመርም ሲያልቅም "ቀለሙን ትንሽ ደመቅ አድርገው" ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም። ሦስተኛውና የመጨረሻው አትላስ፣ የሳምራዊት ቢሮ ነው።

"ዲግሪ የለህም?" አለችኝ።

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን አለህ?"

ደብተሬን ሰጠኋት። ሦስት ገጽ ገለጠችና "ሰኞ ና" አለችኝ። ውሉ አንድ ገጽ ነበር፤ ደመወዙም ከአንድ ገጽ ውል የሚጠበቀውን ያህል ነበር።

ሥራችን ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ ያሉ ምሳ ቤቶችን የሚያሳይ የስልክ አፕ ነበር። ቤቶቹን የምናገኘው ከአንድ የውጭ አገር አገልግሎት ነው። ሰዎች የደረሱበትን ቦታ በስልካቸው ከዝርዝር መርጠው "እዚህ ነኝ" ይላሉ፤ ወዳጆቻቸው ያያሉ። ቼክ ኢን ይባላል። አገልግሎቱ እንደ እኛ ላሉ ኮድ ጸሐፊዎች አንድ መስኮት ከፍቶ ነበር፤ ኤፒአይ የምንለው ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ብዙም አይለይም። ጥያቄህን በትክክለኛው ቅጽ ካላቀረብክ አይመልስልህም፤ ከደጋገምክበትም "ለዛሬ በቃህ" ይልሃል። ቅጹን ሁልጊዜ ከባዶ ላለመሙላት ሌላ ሰው አዘጋጅቶ የተወውን ኮድ ትጠቀማለህ፤ ላይብረሪ እንለዋለን። የእኔን ላይብረሪ አንድ ፈጽሞ የማላውቀው ሰው ጽፎ በነጻ ትቶት ነበር።

መጀመሪያ ያሠራሁትን ቀን አልረሳውም። የቢሮአችንን መገኛ ሰጠሁት፤ ጥቂት ሴኮንድ ቆየና በየቀኑ የማልፍባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። ኬክ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ የጸጉር ቤቱ። ከወንበሬ ተነሥቼ "ብሩክ፣ ና እይ! ፋርማሲው አለ!" ብዬ ጮህኩ። ብሩክ በመስኮት አየና "እሱማ እዚህም አለ" አለኝ።

ላይብረሪውን እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ እንከን አገኘሁ። ኔትወርክ ሲቋረጥ "መልስ አላገኘሁም" አይልም፤ ባዶ ዝርዝር ይሰጥሃል። ባዶ ዝርዝር ደግሞ "እዚያ ማንም የለም" ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስክሪኔ በቦሌ አንድም ሰው እንደሌለ ሲነግረኝ ነበር። ብሩክ በየጠዋቱ "ሕዝቡ ዛሬም አልተመለሰም?" ይለኝ ነበር። አስተካከልኩትና መልስ ሲጠፋ "አላወቅሁም" እንዲል አደረግሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሰባት መስመር የለም።

ኩራቴን ለጋሽ ታደለ ነገርኳቸው። እሳቸው ሠላሳ ዓመት መሬት ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሳምራዊት የቀጠረቻቸው ከውጭ የሚመጣው የቦታ ስም ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት፣ በእግራቸው ሄደው እንዲያረጋግጡልን ነው። እኔም በሳምንት ሁለት ቀን አብሬያቸው እወጣ ነበር።

አካሄዳቸውን ልንገራችሁ። አንድ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቆማሉ። "ቤቱን ብታየው ቤቱን ብቻ ታውቃለህ፤ እሱ የሚያየውን ብታይ የት እንዳለ ታውቃለህ" ይላሉ። ከዚያ ስሙን ሦስት ሰው ይጠይቃሉ፤ ባለቤቱን ግን በጭራሽ። "ባለቤቱ የሚነግርህ ሊጠራበት የሚፈልገውን ነው።" ታክሲ የሚጠብቅ፣ መኪና የሚያስቆም፣ ሎተሪ የሚያዞር ይጠይቃሉ። ሁለቱ ከተስማሙ ይጽፋሉ። የወይዘሮ አስካለን ቤት የመዘገቡት እንዲህ ነው። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሌላ ነው፤ ሦስቱም ሰዎች ግን "አስካለ ጓሮ" አሉ፤ ምግብ ቤቱ ከአንድ ፎቅ ጀርባ፣ በጓሮው በኩል ስለሆነ። ርቀት የሚለኩት በእርምጃ ነው፤ እኔ በስልኬ አረጋግጬ ከሁለት ሜትር በላይ ስተው አላገኘኋቸውም። ሻይ የሚጠጡት ቆመው ነው፤ "ከተቀመጥኩ ቀኑ ያልፋል" ይላሉ።

ያን ዕለት ስለ ሰባቱ መስመር ሰምተው ደብተራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የሚፈልጉትን ምልክት ባጡበት ቦታ ሁሉ "የለም" ብለው አልጻፉም፤ "አላየሁም" ብለው ጽፈዋል።

"በወጣትነቴ አንድ የወሰን ድንጋይ 'የለም' ብዬ ጻፍኩ" አሉኝ። "ድንጋዩ ሣር ውስጥ ነበር። ሁለት ጎረቤቶች በእኔ አንድ ቃል አራት ዓመት ተካሰሱ። ያላየኸውን አላየሁም በል፣ ልጄ። የለም ለማለት እግዜር መሆን ያስፈልጋል።"

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ጽፌው፣ ቀኑንም ከጎኑ አስፍሬ፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ስህተት ራሴ ሠራሁት።

እንዲህ ነው። ቤቶች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ መንገድ ሲሰፋ ይነሣሉ። ዝርዝራችን በጠፉ ቤቶች ተሞላ። ሁሉንም በእግር ማዳረስ ስላልተቻለ አንድ ሕግ ጻፍኩ፦ በአንድ ቤት ለዘጠና ቀን ቼክ ኢን ያደረገ ሰው ከሌለ "ተዘግቷል" በል። አርብ አስገባሁት። ኮዱ አምሮ፣ ጠርቶ፣ ያለ አንድ ስህተት ሠራ። ሠላሳ አራት ቤቶች ዘጋ። አፑም ሰኞ ጠዋት ለተጠቃሚዎቹ "እነዚህ ቤቶች ተዘግተዋል" የሚል መልእክት ላከ።

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ቢሮአችን በር ላይ ቆሙ።

"የዘጋኝ ማነው?" አሉ።

"እትዬ አስካለ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለች ሳምራዊት።

"አልቀመጥም። ዳቦ የሚያመጣልኝ ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ ቀረ። ብደውልለት 'ዘጉ ሲሉኝ አዝኜ ነው፣ እግዜር ያጽናዎት' አለኝ። ድስት እያማሰልኩ ያጽናናኛል! እሱስ ይሁን። አቶ ክፍሌ ልጃቸው አፓችሁን አሳየቻቸውና ቤቱን ለመኪና ማቆሚያ ለሚፈልግ ሰው ሊሰጡት ነው። ሰኞ ሊፈርሙ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ቤት!"

ተነሣሁ። "እኔ ነኝ፣ እትዬ" አልኩ።

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። "አንተ? ተጋቢኖ ያለ ቃሪያ የምትበላው?"

"አዎ።"

"ትናንት እኔ ጋ አልበላህም?"

"በልቻለሁ።"

"አርብስ?"

"አርብም።"

"እና በልተህ፣ እጅህን ታጥበህ፣ ወጥተህ ዘጋኸኝ?"

ከዓመት በላይ በሳምንት አምስት ቀን የበላሁበት ቤት ነው፤ ግን ሕጉን ስጽፍ ያሰብኩት ዝርዝሩን እንጂ ቤቱን አልነበረም። የሠላሳ አራቱንም ስም እንኳ አላነበብኩም፤ ቁጥሩን ብቻ አይቼ ረካሁ። እኔ ደግሞ የት እንዳለሁ ለሰው መንገር ስለማልወድ አንድም ቀን ቼክ ኢን አድርጌ አላውቅም።

ሳምራዊት ወዲያው አቶ ክፍሌ ጋ ደወለችና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። ስህተቱ የእኛ መሆኑን ነገረቻቸው።

"ልጄ" አሉ አቶ ክፍሌ፣ በእርጋታ፣ "ትናንት ተዘግቷል አላችሁ። ዛሬ ክፍት ነው ትላላችሁ። ነገ ምን ልትሉ ነው? ያ እናቴ የኖረችበት ቤት ነው። ለምግብ ቤት ያከራየሁት ሰው እንዲገባ እንዲወጣበት ነው። ባዶውን ከሚውል መኪና ይቁምበት። በሥራ ቀን በዚያ መንገድ አልነዳም፤ ቅዳሜ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ሰው ካለበት አልፈርምም። ከሌለ እፈርማለሁ።"

ስልኩ ሲዘጋ ወይዘሮ አስካለ በመጨረሻ ተቀመጡ። "ቅዳሜ" አሉ። "ቅዳሜ እኮ ቢሮ ዝግ ነው። ስምንት ሰው ካየሁ ብዙ ነው።"

ጋሽ ታደለ አንድ ጊዜም አልተቆጡኝም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ባርኔጣቸውን አደረጉና "ላፕቶፕህን ያዝ፣ ምሳ እንሂድ" አሉኝ። ብሩክና ሳምራዊትም ተከተሉን።

ጓሮው እንደ ሁልጊዜው ማክሰኞ ጢም ብሎ ነበር። ጥግ ላይ ጠጋ ብለን ተቀመጥን። "አሁን መስኮትህን ጠይቅልኝ" አሉ ጋሽ ታደለ፤ "በዚህ አካባቢ፣ በዚህ ሰዓት፣ ማን የት ነው ይላል?" ላይብረሪውን አሠራሁት። በአስካለ ጓሮ ዜሮ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ትልቁ ሆቴል ሃያ ሦስት ሰው።

ጋሽ ታደለ ተነሥተው መንገዱን ተሻገሩ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመለሱ።

"መስታወት የሚወለውል አንድ ሰውዬ፣ ሻንጣ የያዙ ሁለት እንግዶች" አሉ። "የቀሩትን ሃያ አላየሁም።"

ከዚያ በጓሮው መሐል ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ በዚያ ወሰን ሲለዩ በኖሩበት ድምፅ፦

"ይቅርታ፣ ምሳችሁን አላቋርጥባችሁ። ከእናንተ ውስጥ በስልኩ አሁን ሆቴል ነኝ ያለው ማነው?"

ዝም። አንድ ሰው ሳቀ። ክራባቱን ወደ ትከሻው የወረወረ አንድ ወጣት ጉርሻ እንደያዘ እጁን አወጣ። ከኋላው አንዲት ሴት አወጣች። ከዚያ ሌላ፣ ሌላ። በስተመጨረሻ፣ ከእኔው አጠገብ፣ ቀስ ብሎ አንድ እጅ ወጣ። ብሩክ።

"አንተም?" አለች ሳምራዊት።

"መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነዋ!" አለ ብሩክ። "ስልኬን ስከፍት ከላይ ያለው ሆቴሉ ነው።"

"ሁለተኛውን ብትጫን ጣትህን ያምሃል?"

"እሱማ... የሆቴሉ ፎቶ ደግሞ ያምራል።"

"የእኔ ምግብ ሆድህ ውስጥ፣ የሆቴሉ ስም አፍህ ላይ!" አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ ጓሮው በሳቅ አስተጋባ። ብሩክ እውነቱን ነው። በኋላ ሳጣራው አገልግሎቱ ቦታዎችን የሚደረድረው በቅርበት ሳይሆን ብዙ ሰው በመረጠው ነበር። ሆቴሉ በተመረጠ ቁጥር ከላይ ይቀመጣል፤ ከላይ በተቀመጠ ቁጥር ይመረጣል። ከሦስት ወር በላይ የአስካለ ጓሮ ተመጋቢ በሙሉ ሆቴል ሲውል ነበር።

ሳምራዊት ለቅዳሜ ሠላሳ ወዳጆቿን ልትጠራ አሰበች። ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን አወዛወዙ። "ምስክር ተከራይቼ ቤት አልይዝም። አቶ ክፍሌ በዓይናቸው ያለውን ይዩ። ይህ ልጅ ግን ውሸቱን ያቁም።"

ብሩክ እዚያው ስልኩን አወጣና አስካለ ጓሮን ከሩቅ ታች ፈልጎ አገኘው። "ሆቴል አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም፤ የምበላው እዚህ ነው" ብሎ ጻፈ። ባለ ክራባቱ "እኔም ልናዘዝ" አለ። ሴቲቱም እንዲሁ። እኔም የመጀመሪያዬን ቼክ ኢን አደረግሁ፤ ምንም አልጻፍኩም።

ከሰዓት በኋላ የዘጠና ቀኑን ሕግ አጠፋሁ። በምትኩ "ከዚህ ቀን ወዲህ አላየንም" የሚል አስገባሁ፤ ቀኑንም ይጽፋል። ሠላሳ አራቱን ቤቶች ከጋሽ ታደለ ጋር በሦስት ቀን በእግራችን አዳረስናቸው፤ ሃያ ሁለቱ ክፍት ነበሩ። በየአንዳንዱ በር ላይ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ታደለ ጀርባቸውን ሰጥተው መንገዱን ሲያዩ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ከእኛ ሌላ ጓሮው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ወይዘሮ አስካለ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፈው ነበር፤ ደጋግመው ያስተካክሉት ነበር።

ከአንድ ሩብ ሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "ቢኒያም የሚበላው እዚህ ነው?" አለች።

"የትኛው ቢኒያም?" አሉ ወይዘሮ አስካለ።

"ክራባቱን ትከሻው ላይ የሚጥለው። ባሌ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሆቴል ነኝ ሲለኝ፣ እኔ ቤት ምስር እየበላሁ!" ቢኒያም ከኋላዋ መኪና አቁሞ እየመጣ ነበር፤ አንገቱን ደፍቷል። ጓሮውን፣ ጠረጴዛዎቹን አየችና ሳቋ መጣ። "ለዚህ ነው ያልነገርከኝ? ይሄማ ሆቴልን ያስንቃል" አለችና ተቀመጠች።

ከእሷ በኋላ በሩ አልተዘጋም። የደንበኞቹ ወዳጆች ናቸው የመጡት፤ ማንም አልጠራቸውም። ያ ሁሉ ሰው ለወራት ሆቴል ሲበላ አይተው ቀንተው ነበር፤ በዚያ ሳምንት እውነቱን ሲያነቡ ይህ አስካለ ጓሮ የሚሉት ምንድነው ብለው መጡ። አንዱ ገና ሳይቀመጥ "ብሩክ የሚባለው ውሸታም የቱ ነው?" አለ። ብሩክ እኔን አሳየው።

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል አቶ ክፍሌና ሜሮን ገቡ። አቶ ክፍሌ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ሥር ቆሙ። የሚቀመጡበት አልነበረም። ወይዘሮ አስካለ ሲያዩአቸው ማማሰያ እንደያዙ ቀሩ። እኔ ልነሣላቸው ስል ጋሽ ታደለ ክንዴን ያዙኝ፤ "ተው፣ ቆመው ይዩ" አሉኝ።

"አባዬ፣ ርቦኛል። ሌላ ቦታ እንሂድ" ስትል ሰማኋት ሜሮን።

"የት? የራሴ ቤት እኮ ነው።"

"ቦታ የለም እኮ!"

"አየሁ" አሉ አቶ ክፍሌ። "አየሁ።"

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሙ። ከዚያ ቦታ ተገኘላቸው። ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር አንድ ትሪ ላይ ቀርበው በሉ፤ ቢኒያም ሲያጎርሳቸው በዓይኔ አይቻለሁ። በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ በግራ እጃቸው ስልካቸውን አወጡ። ጓሮው እየጮኸ ስለነበር እሳቸውም ጮኹ፦

"ሄሎ፣ ደላላው! ስለ ሰኞው ነው። አልፈርምም። ... ለምን ማለት? መቀመጫ አጥቼ ነዋ!"

ወይዘሮ አስካለ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ። ቀጥለው ገልጠው፣ በሙሉ ድምፃቸው "ተጋቢኖ ያለ ቃሪያ!" ብለው ጠሩኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ይህን ያህል ነው የማስታውሰው። አንድ ነገር ግን አልያዝኩም። አቶ ክፍሌ ቦታ ባገኙበት ሰዓት ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ የአስካለ ጓሮ ቁጥር ከአርባ ሲያልፍ እያየሁ ወንበር የለቀቀላቸውን ሰው ሳላየው ቀረሁ። ብሩክ ቢጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ናት ይላል። ሳምራዊት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው ትላለች። ጋሽ ታደለ "እኔ ነኝ" ብለው ያውቃሉ፤ ግን ሲሉ ይስቁ ነበር። ያን ቅዳሜ እዚያ የበላችሁ፣ በተለይ በበሩ በስተግራ፣ ከውኃው በርሜል አጠገብ የነበራችሁ፣ ማን እንደተነሣ ንገሩኝ። ቀን የተሳሳትኩ፣ ሰው የዘለልኩ እንደሆነም ጨምሩበት። ጓሮው አሁንም እዚያው ነው፤ ለወይዘሮ አስካለ ብትነግሯቸው ይደርሰኛል።